በሀጅ ቡዓዛ ሰዓት

ሸዕባን 24፣ እሁድ

መንግሥት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰ። ጾሙ አልቆ ዒድ እስኪያልፍ ድረስ አገሪቱ በሙሉ በእኔ ሰዓት ትኖራለች ማለት ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ በአዲሱ ሰዓት ሲዋሹ ይከርሙና ረመዳን ሲመጣ ይጸጸታሉ፤ ረመዳን ሲወጣ ወደ ውሸታቸው ይመለሳሉ። እኔ አዲሱን ሰዓት አንድም ቀን ተቀብዬው አላውቅም። ድርጅቴም አልተቀበለውም። በካዛብላንካ ክረምት ከበጋ በአሮጌው ሰዓት የሚገባና የሚወጣ መሥሪያ ቤት የእኔ ብቻ ነው። ሰው ከእኛ ጋር ቀጠሮ ሲይዝ «በሰው ሰዓት ነው ወይስ በሀጅ ቡዓዛ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ ምስጋና እወስደዋለሁ።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ያለውን የሰዓት መቀየሪያ ቁልፍ ራሴ አዞርኩት። አረንጓዴው መብራት በራ። የእኛን መተግበሪያ የጫነ ስልክ ሁሉ፣ ከታንጀር እስከ በረሃው ጫፍ፣ የሶላት ሰዓቱ ተስተካከለ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ከዒድ በኋላ ቦርዱ ስለሚሰበሰብ ነው። በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መቀጠል አለመቀጠሌን በድምፅ ሊወስኑ ነው። እኔው ከባዶ ባቆምኩት ድርጅት። የሚባለውን ሁሉ፣ ማን እንዳለውም ጭምር፣ እዚህ እጽፋለሁ።

ሸዕባን 27፣ ረቡዕ

አኑዋር መጣ። አክሲዮን የገዙት ባለሀብቶች የላኩት ሰው ነው፤ ወንበሬ የታሰበውም ለእሱ ነው። ፓሪስ ተምሯል። ካልሲ አያደርግም።

ዕቅዱን በትልቁ ስክሪን አሳየኝ። ጾመኛ ሰው መግሪብ፣ ማፍጠሪያው፣ ሲቃረብ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነው የሚጠብቀው፤ እንደዚያ ያለ ዓይን በዓመት ውስጥ የትም አይገኝም አለ። ስለዚህ አዛኑ ከመሰማቱ በፊት ማስታወቂያ ይገባል። የምን ማስታወቂያ እንደሆነ ጠየቅሁት። የእርጎ አለ።

«አዛን ከእርጎ በኋላ?»

«አጭር ነው ሀጅ። ሳይሰለቹት ያልቃል።»

ቀጥሎ ዱባይ ያለ አንድ ኩባንያ መተግበሪያውን ሊገዛ እንደሚፈልግ፣ ሠራተኛው ግማሹ እንደሚበቃ፣ እኔም «የክብር መሥራች» እንደምባል ነገረኝ። ፎቶዬ መግቢያው ላይ ይሰቀላል። በሕይወት ያለ ሰው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም አልኩት። ሳቀ።

«አባቴ ቢሆኑ ኖሮ፣» አለ፣ «ከዚህ የተለየ ምክር አልሰጥዎትም ነበር።»

«አባትህ ብሆን ካልሲ ታደርግ ነበር።»

ልጄ ጊዝላን ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ እዚያው ድርጅት ውስጥ የሥራ ክፍሎቹን ታስተባብራለች። አንገቷን ደፍታ ስልኳን ትነካካለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰውየው ፊት ለፊቷ ቤታችንን ሲያፈርስ አንድ ቃል።

ረመዳን 2፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ትናንት መግሪብ ላይ የሰፈሩ ስልክ በሙሉ በአንድ ድምፅ አዛን አለ። ከየመስኮቱ። የኔ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው የሐሪራ ማንኪያ በፊት ቁልፉን አሰብኩት። ባለቤቴ ዙሁር «ሾርባህ ቀዘቀዘ» አለችኝ። አገር መሸከም ምን እንደሆነ ለሚስት ማስረዳት አይቻልም።

ረመዳን 5፣ ሐሙስ

ስለ ጊዝላን እጨነቃለሁ። እኔ ብሞት ወይም ብሸነፍ ወንበሩ ለእሷ አይሆንም። ልበ ለስላሳ ናት። በስብሰባ ላይ ያዘዝኳትን ሁሉ «እሺ አባ» ትላለች። አንድም ጊዜ ተከራክራኝ አታውቅም። ሰው ካልተከራከረ እንዴት ይመራል?

ዛሬ ስለ መለከቱ ድምፅ አዘዝኩ። መተግበሪያው ጾመኛውን ለሱሁር፣ ለሌሊቱ ምግብ፣ የሚቀሰቅሰው ድሮ በየመንደሩ እየዞረ በሚነፋው ሰውዬ መለከት ድምፅ ነው። ቀጥኗል፣ ይወፍር አልኩ። «እሺ አባ» አለች። ሁሉም ጻፉ። ዋናው ቴክኒሺያን ጀዋድ ሁለት ጊዜ ጻፈ።

ከስብሰባው በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ እሷን ከበባት። ይህ እንዴት ይሁን፣ ያ መቼ ይውጣ፣ ባንኩ ምን ይባል። ቆሜ አየሁ። ለትንሽ ለትልቁ እኔን ማስቸገር ስለሚፈሩ ነው። ደስ አለኝ፤ ለእሷ ግን አዘንኩላት፤ ቀኑን ሙሉ በዚህ ተራ ነገር ስታልፍ መቼ ሥራ ትማራለች?

ረመዳን 11፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። አንድ ነገር ብቻ።

ከቀትር ሶላት ስመለስ ጀዋድ ለአንድ ወጣት ሲናገር ሰማሁ። «የሀጁን ቁልፍ አምፖል እየው፤ ደብዝዟል። ባትሪውንም ቀይርለት፤ አደራ፣ ሳያይህ።» እንግዲህ ይህ ነው ታማኝነት። ጾሙ አድክሞት እንኳ ስለ ቁልፉ ያስባል። አኑዋር ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ባትሪ ለምን እንዳስፈለገው ግን አልገባኝም። ለጥንቃቄ ይሆናል።

ረመዳን 15፣ እሁድ

ቤት ውስጥ ዋልኩ። ዙሁር እህቷ ዘንድ ናት። ረጋ ብዬ ልጻፍ።

አኑዋር በየሄደበት «ሀጁ አልተማረም» እንደሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ቁርአን ቤት ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። እኔ ደርብ ገለፍ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ሬዲዮ እየፈታሁ አደግሁ። የምገጥመው ነገር መሥራት እስኪያቆም ድረስ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ሲቆም ይገባኛል። እንደዚያ ተማርኩ፤ ከተበላሸ ነገር።

የመጀመሪያውን የመስጊድ ሰዓት የሠራሁት ከተጣለ የሒሳብ ማሽን ነው። አምስቱን ሶላት በብርሃን ቁጥር ይጽፋል። ኢማሙ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ቀዩ ቁጥር የመኪና የኋላ መብራት ይመስላል፣ ሰው ሱጁድ ወርዶ ቤንዚን ያስታውሳል አሉ። አረንጓዴ አደረግሁላቸው። ከዚያ ሌላ መስጊድ ጠየቀ፣ ከዚያ ሌላ ከተማ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ስልክ ሲዞር ጊዝላን ከትምህርት ተመልሳ «ወደ ስልክ እንውሰደው አባ» አለች። ተቃወምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ተቃወምኩ። ከዚያ ወደ ስልክ እንዲወሰድ ወሰንኩ። ትልቅ ውሳኔ ነበር።

ስለ ቁልፉም ልጻፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመከር ወራት መንግሥት ሰዓቱ ሊቀየር አንድ ሐሙስ ሲቀረው ሐሳቡን ለወጠ፤ አልቀይርም አለ። ስልኮች ግን የድሮውን ወሬ ይዘው በዚያ እሁድ ጠዋት በራሳቸው ተቀየሩ። ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ባቡር ጠባቂው፣ ሁሉም ተሳሳተ። ያን ጊዜ የእኛ መተግበሪያ ብቻ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ማንኛውም ማሽን ያለ እኔ ፈቃድ ሰዓት እንዳይነካ ከልክዬ ነበር። ጋዜጣ ላይ ወጣሁ። ቁራጩ አሁንም ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ፈጅቼ ቁልፉን ሠራሁት። ከተዘጋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ የሞተር ማስነሻ ነው፤ በእጅ ሲዞር ክንድ ይጠይቃል። ከቢሮዬ ግድግዳ ሽቦው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ማሽኖቹ ያሉት እዚያ ነው። ወደ አሮጌው ሲዞር አረንጓዴ፣ ወደ አዲሱ ሲዞር ቀይ። መንግሥት ቢያውጅም፣ ሳተላይት ቢናገርም፣ እኔ እስካላዞርኩት ሰዓት አይቀየርም። አኑዋር ስለዚህ ነው ሊያስወጣኝ የማይችለው። እኔ ከወጣሁ ማን ያዞረዋል?

ረመዳን 20፣ ዓርብ

የቦርዱን ድምፅ አሰላሁ። አኑዋርና አብሮት ያለው፣ ሁለት። እኔና ጊዝላን፣ ሁለት። አምስተኛው ሲ ጣይቢ ነው፤ የዱቄት ፋብሪካ አለው፤ ከጥንት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው።

ዛሬ ለመግሪብ ቤቱ ጋበዘኝ። ቴምሩን እየቆረጠ ስለ ጉልበቱ አወራኝ፣ ስለ ስንዴ አወራኝ። ስለ ድምፁ ስጠይቀው አኑዋርም ከትናንት ወዲያ እዚሁ ምንጣፍ ላይ መቀመጡን ነገረኝ። «ቡዓዛ፣» አለኝ፣ «አንተን እወድሃለሁ። ግን ማታ መተኛትም እወዳለሁ። ድርጅቱ ያለ ስጋት እንደሚሄድ አሳየኝ፤ እጄ ያንተ ነው።»

አሳየኝ አለ። እኔን።

ረመዳን 25፣ ረቡዕ

ስብሰባ ላይ መለከቱ አሁን ወፍሯል አልኳቸው። ሁሉም ወፍሯል አሉ። ቤት ስመለስ ዙሁር መለከቱ እንደ ድሮው ነው፣ አንድም አልተቀየረም አለች። የእሷ ጆሮ ነው።

ሸዋል 1፣ ሰኞ። ዒድ።

እንግዳ በዛ። አኑዋር ራሱ አልመጣም፤ ስጦታ ላከ። የእጅ ሰዓት። ከሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አለው፤ «ሀጅ፣ ይህ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ ምንም ማዞር አያስፈልግም» ይላል።

ከልጅ ልጆቼ አንዱ አንጓው ላይ አሰረው። አስወልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምሳ አልበላሁም። ዙሁር «ዛሬ እንኳ ጾም ክልክል ነው» አለችኝ፤ ሌላው ሳቀ።

ሸዋል 3፣ ረቡዕ

ዙሁር ከትናንት ጀምሮ ከዒድ በኋላ የሚጾሙትን ስድስቱን የሸዋል ቀን መጾም ይዛለች። ብዙ ሰው ይዟል። እንደ ሁልጊዜው መለከቱ ይቀሰቅሳታል፣ አዛኑ ያስፈጥራታል። የምትጨርሰው እሁድ ነው።

እሁድ ነው መንግሥት ሰዓቱን የሚመልሰው።

ቀኑን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ዋልኩ። ቁልፉን ባላዞር ምን ይሆናል? የአገሩ ሰዓት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የእኛ አዛን ግን በአሮጌው ቁጥር ይቀራል። እሁድ ማታ ፀሐይ ገና ባሕሩ ላይ ሳለች ስልኩ ሁሉ መግሪብ ነው ብሎ ይጮሃል። አገሩ ይናወጣል። ሬዲዮ ይናገራል። ማክሰኞ ቦርዱ ሲሰበሰብ ሲ ጣይቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፤ «ሀጅ ቡዓዛ የት አለ?»

ከባድ ሐሳብ ነው። ብዙ ጾመኛ ፀሐይ ሳትገባ ያፈጥራል። ግን ኃጢአቱ በማን ላይ ነው? እኔን በተጠራጠረው ላይ ነው። እንዲህ ይመስለኛል። ኢማሙን ለመጠየቅ ሄጄ ስለ ዝናብ አውርተን ተመለስኩ።

ሸዋል 6፣ ቅዳሜ

ቢሮ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ቁልፉ ፊት ቆምኩ። እጄን ጫንኩበት። አዛውንት ሴቶችን አሰብኩ፣ መስኮት ሥር ቴምር ይዘው የሚጠብቁትን። አንድ ጊዜ ለማዞር ተዘጋጀሁ እንኳ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቦርዱን አጀንዳ አየሁት። ከስሜ ፊት «የቀድሞ» የሚል ቃል ታትሟል። ገና ድምፅ ሳይሰጥ።

መብራቱን አረንጓዴ እንደሆነ ትቼው ወጣሁ።

ሸዋል 7፣ እሁድ፣ ጠዋት

ዙሁር ለሱሁር ተነስታለች። መለከቱ በሰዓቱ ተነፋ አለችኝ። ሊሆን አይችልም። አንድ ሰዓት ቀድሞ ነበር መነፋት ያለበት። ለስድስት ቀን ስትነሳ ሰንብታ ሰውነቷ ለምዶ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ዙሁርን እጠብቃታለሁ ብዬ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስርን ሶላት ሰግጄ፣ በረንዳው ላይ ከእሷ ጋር ተቀመጥኩ። ሌላው ቢሳሳት እሷ ግን ፀሐይ ላይ እንድታፈጥር አልፈቅድም፤ ስልኩ ሲጮህ እጇን ልይዝ ነው። ስልኩን መሃላችን አደረግሁት። ቴምሩ በሳህን፣ ከዒድ የተረፈው የሸባኪያ ጣፋጭም አለ። ፀሐይዋ ከወደቡ የመብራት ማማ በላይ፣ ብርቱካን መስላ።

ሰዓቱ ደረሰ። ስልኩ ዝም አለ።

አነሳሁት። ነቀነቅሁት። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ዙሁር «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ምንም አልኩ። «እንደ ሕፃን ትነቀንቀዋለህ፤ ፀሐይ እኮ ገና ናት።» ጎረቤት በረንዳ አየሁ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ምናልባት የእሷ ስልክ ብቻ ነው ብዬ የራሴን አወጣሁ። የእኔም ዝም ብሏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዴ ባሕሩን አንዴ እነሱን እያየሁ ቆየሁ። ሸባኪያው ላይ ዝንብ አረፈ፤ አላባረርኩትም።

ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ ስትገባ ሁለቱም አንድ ላይ አዛን አሉ። ከየመስኮቱ። ሰፈሩ በሙሉ። ልክ በሰዓቱ።

ዙሁር ቴምሯን ቆርሳ ለእኔም ዘረጋችልኝ። አዛኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተሳስቶ አያውቅም፤ ትክክል ሆኖ ተሳሳተብኝ። እጅግ አዘንኩ።

ሸዋል 8፣ ሰኞ

ሽቦውን ተከተልኩ።

ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ምድር ቤት ወርጄ አላውቅም። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ድሮ ማሽኖቹ ሲያንጎራጉሩ ከሩቅ ይሰሙ ነበር፤ ዛሬ ጸጥ ብሏል። በሩን ስከፍት የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የውሃ ጠርሙስ በካርቶን። አንድም ማሽን የለም። ሽቦዬ በግድግዳው ወርዶ ከወንበሮቹ ጀርባ ይገባል። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ሽቦው አንዲት ባትሪ ላይ ያልቃል። ከባትሪዋ ሌላ ሽቦ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ሁለቱ አምፖሎች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የተቆረጠው ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ንጹሕ ሥራ ነው። እኔም ብሆን ከዚህ አላሳምረውም።

ጊዝላንን አስጠራኋት። እዚያው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

ገባች፣ ሽቦውን አየች፣ እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልደነገጠችም። ማሽኖቹ ከተሸጡ ቆይቷል አለች፤ አሁን ሥራው ሁሉ በኪራይ ማሽን ነው፣ ሌላ አገር። ሰዓቱን በየዓመቱ የሚያስተካክሉት ጀዋድና እሷ ናቸው፤ አዋጁን ራሳቸው ያረጋግጣሉ፣ ሁለቱም ካልፈረሙ አይቀየርም። በአንድ ሰው እጅ መሆኑን ስለፈራች ነው የቆረጠችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መልሰህ ትሰካው ነበር።»

እውነቷን ነው። እሰካው ነበር እንጂ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ፣ ዛሬ ጠዋት በቢሮህ በኩል ሳልፍ መብራቱ አረንጓዴ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ጥበቃው ገብተህ መውጣትህን ነግሮኛል። ሳታዞረው ወጣህ።»

ረሳሁት አልኳት።

«አንተ ረሳህ?»

እናቷ የተናገረች መሰለኝ፤ ዓይኗ የእናቷ ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። የመጨረሻውን ከመንገዴ አነሳችና ክንዴን ይዛ ደረጃውን አወጣችኝ። ደግፊኝ አላልኳትም።

ሸዋል 9፣ ማክሰኞ

ቦርዱ ተሰበሰበ። 

አኑዋር ካልሲ አድርጎ መጥቷል።

የቁልፉን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ዘረጋው። ማን እንዳነሳለት አላውቅም። የሚሊዮኖች ጾምና ሶላት በአንድ አዛውንት ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል አለ። ነገ ሰውየው ቢታመሙስ? ቢቆጡስ? እያለ እኔን ሳይሆን ሲ ጣይቢን ያያል። ቢቆጡስ ሲል ጊዝላን ወረቀቷን ገለበጠች። ባዶ ወረቀት ነበር።

ሲ ጣይቢ መነጽሩን አወለቀ። «ቡዓዛ፣ ይህ ነገር እንዳለው ከሆነ እኔ እንቅልፍ የለኝም። እጄን ለእሱ አነሳለሁ። አይደለም ካልክ አሁን ንገረኝ።»

ዝም ብል ወንበሬም ድርጅቱም ለእርጎው ይሄዳል። ብናገር ደግሞ ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ አምፖል የሚያበራ ሽማግሌ። ጊዝላን ልትናገር ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። አፏን ዘግታ ጠረጴዛውን ታያለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ አትናገርም። ድርጅቱ ቢጠፋ እንኳ እኔን በሰው ፊት አታዋርድም። ልበ ለስላሳ ናት ብዬ ጽፌ ነበር።

ተነሳሁ።

«ያ ቁልፍ ከምንም ጋር አልተገናኘም» አልኩ። «ከተቆረጠ ቆይቷል። ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። የቆረጠችው ጊዝላን ናት። ሰዓቱን የምታስተካክለው እሷ ናት፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ አይቀየርም። እሁድ ማታ አዛኑ ስንት ሰዓት እንዳለ ሂዱና ሰው ጠይቁ።»

ሲ ጣይቢ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አባ ናቸው ያዘዙኝ» አለች። ፊቷ አልተለወጠም።

አስቤበት ስመለከተው ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤ ነበር። ቢያንስ መሆን ነበረበት።

አኑዋር ግን ቂል አይደለም። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ «ይቅርታ ሀጅ፤ እንግዲያ እርስዎ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ ነበር?» አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር። ሬዲዮ ከፈታሁበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ኢማሙን፣ ቀዩን ቁጥር፣ ጋዜጣውን። አንዱም ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

«ወንበሩን እጠብቅላት ነበር» አልኩ። «እስክትደርስ።»

«ደርሳለች?» አለ ሲ ጣይቢ።

ወጥመዱን አየሁት። ራሴ የሠራሁት ነው። ገና ናት ብል ማን እየመራ ነው ይባላል፤ ደርሳለች ብል እኔ ከወንበሩ ተነሳሁ ማለት ነው። አየኋት። የማዝዛትን ሁሉ እሺ እያለች፣ አንዱንም ሳትፈጽም፣ ይህን ቤት ያቆመችው ልጅ ናት። መለከቱ እንዳልወፈረ ያኔ ተገለጠልኝ።

«ደርሳለች» አልኩ።

ሲ ጣይቢ እጁን ለእሷ አነሳ። ሦስት ለሁለት።

ሸዋል 15፣ ሰኞ

ቢሮዬን እንድትወስድ አዘዝኳት። እሺ አባ አለች፤ ይህን ፈጸመችው።

ዛሬ ምክር ይዤ ሄድኩ። ሦስት ነገር፣ ሁሉም አስቸኳይ። በሩ ተዘግቷል። በዚያ ሕንጻ ውስጥ በር አንኳኩቼ አላውቅም፤ በየትኛው እጅ እንደሚንኳኳ እንኳ ትንሽ አሰብኩ። አንኳኳሁ። ከውስጥ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «ቆይ!» አለች። ቆፍጠን ባለ ድምፅ። ከማን እንደወረሰችው የሚያውቅ ያውቃል።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት ሌሎች ሲቀመጡበት እንጂ ራሴ ተቀምጬበት አላውቅም፤ ዝቅ ያለ ነው፣ አንድ እግሩም ይንቀጠቀጣል። ይጠገን ብዬ ልነግራት አሰብኩ። አራት ነገር ሆነ።

ጀዋድ ወረቀት ይዞ መጣ። ሲያየኝ ደነገጠ። «ሀጅ፣ ይግቡ እንጂ፣ እርስዎን ማን ያስቆምዎታል?»

«ቆይ ብላለች» አልኩት። «አልሰማህም?»

እሱም ሊገባ ነው የመጣው። ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ወረቀቱ አስቸኳይ ነው፣ ቢያስቀድሙኝ አለኝ፣ በትሕትና።

እምቢ አልኩት። ከእሱ በፊት ነው የመጣሁት።